ተርኒቲን፣ ፐርዱ ኦውል፣ ዞቴሮ፦ ለተማሪዎቻችሁ የቱ ይበጃል?

የመመረቂያ ጽሑፍ የምናማክር መምህራን በየዓመቱ የማናጣት ጥያቄ አለች፦ «ስንት ፐርሰንት ነው የሚፈቀደው?» ጥያቄዋን ያመጣት ተርኒቲን ነው፤ የተማሪውን ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አስተያይቶ የሚመሳሰለውን በፐርሰንት የሚያወጣ ፕሮግራም። የሚሸጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ጽሑፉ ከሌሎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ብቻ ነው። 28 ፐርሰንት የወጣበት ተማሪዬ ሊያለቅስ ደርሶ መጣ። ሪፖርቱን አብረን ስንከፍተው፣ በቀለም የተለየው አብዛኛው በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጠውና የዋቢ ዝርዝሩ ነበር። ሁለቱንም ከቆጠራው ማስወጣት ይቻላል፤ ማንም አላስወጣለትም። 5 ፐርሰንት ያገኘች ጓደኛው ደግሞ የሰው ሐሳብ ከነቅደም ተከተሉ ወስዳ፣ ቃላቱን ብቻ ለውጣ፣ ምንጭ ሳትጠቅስ አልፋለች። ሪፖርቱን ቁጭ ብሎ የሚያነብ አማካሪ ከሌላችሁ ግዙ አልልም።

ፐርዱ ኦውል አሜሪካ፣ ኢንዲያና ያለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያቀርበው የጽሕፈት መመሪያ ነው። ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤና ቺካጎ የሚባሉትን የዋቢ አጻጻፍ ስልቶች ከነምሳሌያቸው ይዟል። እኔ የምወድለት ግን የሰውን ሐሳብ በራስ አባባል ስለመጻፍ የሚያስተምረውን ክፍል ነው፦ እስኪገባህ አንብብ፣ ዋናውን ወደ ጎን አድርግ፣ ከራስህ ጻፍ፣ ከዚያ አስተያይ። ላፕቶፕ በሌለበት ክፍልም በወረቀት ይሠራል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ማስረዳቱ የእናንተ ድርሻ ነው።

ምንጩ ራሱ ይታመናል ወይ ለሚለው፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመሩት የሲቪክ ኦንላይን ሪዝኒንግ ነጻ ትምህርቶች ይሻላሉ። ተማሪው እዚያው ገጽ ላይ ከመቆየት ሌላ ታብ ከፍቶ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ሌሎች ስለሱ ምን እንደሚሉ መፈለግ ይለምዳል። ምሳሌዎቹ የአሜሪካ ናቸው፤ በቴሌግራም በሚዘዋወሩ የእኛ ዜናዎች ተኳቸው።

ዞቴሮ ማስታወሻና ዋቢ የሚይዝ ነጻ ፕሮግራም ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኦንላይን የሚሰጠው ነጻ ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሜንዴሌይ 2 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ባለቤቱ ግን ኤልሴቪየር የተባለው አሳታሚ ነው። ብዙ ተማሪ «ሰረቀ» የሚባለው ያነበበው ከየት እንደመጣ ጠፍቶበት ስለሆነ፣ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ዞቴሮን ማስለመድ ከሁሉም በላይ ያዋጣል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ስም በሁለት ሣጥን ስለሚቀበል «አበበ ከበደ» ዋቢው ላይ «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ይወጣል፤ መጽሐፉን አባትየው የጻፉት ይመስላል። ከስሙ ጎን ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ ወደ አንድ ሣጥን ስትቀይሩት ስሙ እንዳለ ይቀመጣል።