ለኪራይ ቤት በረንዳ የትኛው ንጣፍ ይሻላል? ሳር፣ ተገጣጣሚ ወይስ ርብራብ

የበረንዳ ንጣፍ ልትገዙ ስትወጡ ከቀለሙም ከዋጋውም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ውሃው በየት ይወርዳል? ባህር ዳርም ኑሩ ደብረ ማርቆስ፣ ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ክፍት በረንዳ ደርቆ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቤቱን ስትለቁ የሚመጣ ነው። ንጣፉ ምልክት ሳይተው ይነሳል ወይ?

እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ ስኖር ነው። የበረንዳው ሊሾ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጥቅል የፕላስቲክ ምንጣፍ ገዛሁና በማስቲሽ ለጠፍኩት። አንድ ክረምት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ውሃው በጠርዙ ገብቶ ከስር ተኛ፤ ምንጣፉ አበጠ፣ ሸተተ። ቤቱን ስለቅ የማስቲሹ እድፍ ሲሚንቶው ላይ ቀረ፤ አከራዬም ለማሳደሻ ብለው ከማስያዣው ገንዘብ ቆረጡ። ቅር ቢለኝም እውነት ነበራቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ ቤቱን በተረከበው ሁኔታ እንዲመልስ ያዛል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው ያለ ሙጫና ያለ ሚስማር የሚነጠፉትን ብቻ ነው።

ተገጣጣሚው ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከስሩ የፕላስቲክ እግሮች አሉት፤ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ጥርሶች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ውሃው በክፍተቱ ሾልኮ፣ በእግሮቹ መሃል አልፎ ወደ መውረጃው ይሄዳል። ላዩ ሙሉ ፕላስቲክ፣ እንጨት፣ ወይም ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የተደባለቀ ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ያምራል፤ ግን ቢያንስ በዓመት አንዴ ዘይት ካልጠጣ ይገረጣል፣ ይሰነጠቃል። እኔ ለክፍት በረንዳ ድብልቁን እመርጣለሁ። ቀለሙ ግን ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ አይሁን፤ የባህር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ባዶ እግር አያስረግጥም።

ሰው ሰራሽ ሳር ለዓይን ደስ ይላል፣ ለልጆችም ይለሰልሳል። ለመንጠፍ ከሁሉም ይቀላል፤ በካተር ቆርጦ መዘርጋት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ቀዳዳ ከሌለው ተዉት። ቀዳዳ ቢኖረውም ሊሾው ላይ ተጣብቆ ስለሚተኛ ከስሩ ቶሎ አይደርቅም። ክረምት ላይ በየጊዜው አንስቶ ማስጣት ይፈልጋል። ርካሹ ዓይነት ደግሞ ፀሐይ ሲበላው ይገረጣል፣ ይረግፋል። እዚህ ደጋው ላይ ፀሐዩ ከቆላው የበለጠ እንደሚያቃጥል አትርሱ።

ሦስተኛው ምርጫ አናጢ ጋር ሄዶ የባህር ዛፍ ርብራብ ማሠራት ነው። ከሙራሌና ከጣውላ ይሠራል። አንዱን ትልቅ አድርጋችሁ አታሠሩት፤ ስትለቁ በደረጃ አይወርድም። በ60 በ60 ቁራጭ ይሁን። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ባህር ዛፍ ይጣመማል። በሚስማር ሳይሆን በቪስ ይታሰር፤ እንጨቱ ሲረጥብና ሲደርቅ ሚስማሩ ብቅ ይልና እግር ይወጋል። አንዳንድ አናጢ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ልቀባው ይላል። እምቢ በሉ። ይሸታል፣ ዝናብ ሲነካውም ወርዶ የአከራዩን ወለል ያቆሽሻል። ርብራብ ወለሉን ከተገጣጣሚው የበለጠ ከፍ ያደርጋል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር የበረንዳው መከለያ ያጥራል። ፎቅ ላይ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን ሐሳብ ማስቀየር አለበት።

የእንጅባራ ቀርከሃ ምንጣፍስ? ውበቱ ልዩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እርጥበት ሲደጋገምበት ይሻግታል። ጣራ ያለው፣ ዝናብ የማይነፍስበት በረንዳ ካላችሁ ግዙት። ከሌላችሁ ለበጋ ብቻ ይሁን፤ ግንቦት ሲያልቅ ጠቅልላችሁ አስገቡት።

አሁን ሻጩ ወደማይነግራችሁ ነገር ልግባ። በረንዳችን ላይ ቡና ይፈላል፣ በርበሬ ይሰጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ከምድጃው አንዲት ፍም ብትፈናጠር ሳሩን አቅልጣ ትበሳዋለች፤ የተበሳውም አይመለስም። ተገጣጣሚው ላይ ብትወድቅ የተጎዳውን አንዱን ነቅሎ መቀየር ይቻላል። ለዚህ ስትገዙ ሦስት አራት ትርፍ ያዙ። የትኛውንም ብታነጥፉ ግን ከምድጃው ስር ሰፊ የብረት ትሪ ይቀመጥ። በርበሬ ወይም እህል የምታሰጡ ከሆነ ሳሩ ያስቸግራል፤ የረገፈው ፍሬ ገብቶበት አይወጣም።

ዋጋ ስታወዳድሩም ተጠንቀቁ። ተገጣጣሚው በፍሬ ይሸጣል፣ ሳሩ በሜትር። አንድ ካሬ ለመሙላት 11 ፍሬ ያህል ስለሚፈጅ የአንዱን ዋጋ በ11 አባዙት። የሳሩን ደግሞ የጥቅሉን ስፋት ጠይቁ። በረንዳችሁ 1.20 በ3 ሜትር ከሆነ 3.6 ካሬ ነው፤ ተገጣጣሚ 40 ፍሬ ይበቃዋል። ጥቅሉ 2 ሜትር ስፋት ካለው ግን ለዚሁ በረንዳ ሳሩን ሳትቀጥሉ ለመንጠፍ 6 ካሬ ትከፍላላችሁ። ርካሽ የመሰለው ሳር እዚህ ላይ ነው የሚወደደው።

የበሩንም ነገር ቀድማችሁ ለኩ። የበረንዳው በር ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ከስሩ ስንት ሳንቲ ክፍተት አለ? ተገጣጣሚው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ውፍረት አለው። ካልበቃ አከራዩ ሳያውቁ በሩን ለማስቆረጥ እንዳታስቡ፤ ሳሩን ውሰዱ።

በእኔ ግምት አንድ ዓመት እንኳ መቆየቱን ያላረጋገጠ ተከራይ ሳር ይግዛ። ሁለትና ከዚያ በላይ ክረምት ለሚያሳልፍ ሰው፣ በተለይ ቡና በረንዳ ላይ ለሚያፈላ ቤት፣ ተገጣጣሚው ያዋጣል፤ ወደሚቀጥለው ቤትም አብሮ ይሄዳል። ርብራቡ ምድር ቤት ለሚኖሩ ይሁን።

ተገጣጣሚውን ስታነጥፉ በግድግዳው በኩል የሚተርፈውን ጥቂት ሳንቲ ለመሙላት ንጣፉን አትቁረጡ። የተቆረጠው ለሌላ ቤት አይሆንም። ፕላስቲኩም በሙቀት ስለሚለጠጥ ክፍተት ይፈልጋል። የአበባ ማሰሮ ደርድሩበት። መቆለፍ የምትጀምሩት ከውሃ መውረጃው ራቅ ካለው ጥግ ይሁን። እንዲህ ከሆነ መውረጃው ላይ የሚያርፈው የመጨረሻው ፍሬ በቀላሉ ይነሳል። ክረምት ላይ በየሳምንቱ አንሱትና ከስሩ የተጠራቀመውን ቅጠልና ጭቃ ጥረጉ።