ሁሉም ክለብ አንድ መስመር የሚያገኝበት መዝገብ

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰንጠረዥ ሲሰጠኝ ዓይኔ ከድምሩ በፊት መስመሮቹ ላይ ያርፋል። «ዘ ኢንተርኔት ሆኪ ዳታቤዝ» የተባለውን የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች መዝገብ የወደድኩትም በዚሁ ዓይን ነው። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ የተጫዋቹን ስም ጽፎ መፈለግ ብቻ ይበቃል። በየውድድር ዘመኑ የተሰለፈበት ክለብና ሊግ፣ የግጥሚያው፣ የግቡና የቅጣት ደቂቃው ብዛት ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ይመጣል።

የታዋቂዎቹን ገጽ ብዙም አልከፍትም። ልቤ ያለው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ከክለብ ክለብ ሲዘዋወሩ ዕድሜያቸውን በጨረሱት ዘንድ ነው። ማይክ ሲሊንጀርን እዩት። በሰሜን አሜሪካው ዋና ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ለ12 ክለቦች በመሰለፍ ክብረ ወሰን የያዘ፣ 1,049 ግጥሚያዎችን የተጫወተ ሰው ነው። ገጹ ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ስወርድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባሉት አራት ተከታታይ የውድድር ዘመናት፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ክለብ አገኘሁ፦ ቫንኩቨርና ፊላደልፊያ፣ ፊላደልፊያና ታምፓ ቤይ፣ ታምፓ ቤይና ፍሎሪዳ፣ ፍሎሪዳና ኦታዋ። ሰውዬው ውድድሩ ሳያልቅ አራት ጊዜ ኑሮውን ነቅሎ ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ሊግ ዝውውሩን የሚነጋገሩት ክለቦቹ ናቸው፤ ውሉ ውስጥ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለ የተጫዋቹ ፈቃድ አይጠየቅም። የትም የማይፈለግ ተጫዋች ነበር የሚል ካለ ወደ 2005-06 ይውረድ። በ34 ዓመቱ፣ በሴንት ሉዊስና በናሽቪል ማሊያ 32 ግብ አስቆጥሯል፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እዚያ ቁጥር አልደረሰም። የማይፈለግ ሰው አሥራ ሁለት ክለብ አይቀበለውም።

የመዝገቡ ትልቁ ዋጋ ግን ታችኞቹን ሊጎች አለመናቁ ነው። ከኤንኤችኤል በታች ኤኤችኤል፣ ከእሱ በታች ኢሲኤችኤል፣ ከዚያም በታች ስማቸውን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቋቸው ሊጎች አሉ። ግብ ጠባቂው ስኮት ዳርሊንግ በ2010-11 ከእነዚህ በአንዱ፣ ለሉዊዚያና ይጫወት ነበር። በ2015 ከቺካጎ ጋር የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚሸለመውን የስታንሊ ዋንጫን አነሣ። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱ ዓመታት እኩል ቁመት ያላቸው መስመሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ፍትሕ በስፖርት ዜና ውስጥ አላየሁም።

የሚጎድለኝ ነገር አለ፤ እሱም ደመወዝ ነው። ብዙዎቹ ዘዋሪ ተጫዋቾች የሚፈርሙት ሁለት ዋጋ ያለው ውል ነው፦ ላይኛው ሊግ ሲጫወቱ አንድ ክፍያ፣ ወደ ኤኤችኤል ሲወርዱ ደግሞ ከእሱ በብዙ ያነሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መስመር ሳይ፣ በመካከላቸው የጠፋው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለውን ዓምድ መተው ለእኔ ከባድ ነው።

ቁጥር ብቻውን የማይበቃበትም ቦታ አለ። ግብ ጠባቂው ማይክል ሌይተን ከቺካጎ እስከ ዩክሬኑ ዶኔትስክ የዞረ ሰው ነው፤ ገጹ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008፣ ኤኤችኤል ውስጥ ለኦልባኒ ሲጫወት፣ ከፊላደልፊያው ፋንተምስ ጋር ያደረጉት የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ እስከ አምስተኛው ጭማሪ ሰዓት ዘለቀ። ሌይተን በዚያ ሌሊት 98 የግብ ሙከራ አዳነ። ኦልባኒ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በመዝገቡ ውስጥ ያ ሌሊት ከሽንፈቶቹ ጋር የተደመረ አንድ ቁጥር ነው፤ መዝገብ ሌላ ሊያደርግ አይችልምና አልወቅሰውም። እኔ ገጹን አትሜ ከ2007-08 መስመር ጎን በእርሳስ «98» ብዬ ጽፌበታለሁ።