ኤክስኤክስሃሽ ከወራት በኋላ፦ ያቆየኝ ፍጥነቱ አይደለም

የአማርኛ ጽሑፍ ክምችት ውስጥ የተደጋገሙ ፋይሎችንና ቃላትን የሚለይ ፕሮግራም በሲ ጽፌያለሁ። ሃሹን፣ ማለትም እያንዳንዱን ፋይል ወይም ቃል የሚወክለውን አጭር ቁጥር፣ ወራት ሙሉ ሲያወጣልኝ የቆየው ኤክስኤክስሃሽ የሚባለው ላይብረሪ ነው። ኤልዜድ4 እና ዜድስታንዳርድ የተባሉትን የፋይል መጭመቂያዎች የሠራው የያን ኮሌ ሥራ ነው። ፈቃዱ ቢኤስዲ ስለሆነ ክፍያ የለውም።

መግጠሙ ቀላል ነው። አንድ ሄደር ፋይል አውርዳችሁ ኢንክሉድ ታደርጋላችሁ፣ በቃ። ሄደሩ ግን ግዙፍ ነው። በየፋይሉ ኢንላይን ካደረጋችሁት ኮምፓይሉ ይንቀራፈፋል። እኔ አንድ የሲ ፋይል ውስጥ ብቻ አስቀምጬዋለሁ።

ፍጥነቱ እንደሚወራለት ነው። ትልልቅ ፋይል ላይ የሚያዘገየው ዲስኩ ነው እንጂ ሃሹ አይታወቅም። ነጠላ ቃላት ላይ ግን ከድሮው የሃሽ ስልት ከኤፍኤንቪ-1ኤ ጋር ያለው ልዩነት ለእኔ ኢምንት ነው። ባለ ሦስት ፊደል ቃል በዩቲኤፍ-8 9 ባይት ብቻ ናት፤ ምን ያህል ልትፈጥንባት?

እኔን ያቆየኝ የትም ማሽን ላይ ያው መልስ መስጠቱ ነው። እዚህም እዚያም የሚገለበጠውን የኤፍኤንቪ ኮድ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጽሑፉን የሚያነበው የሲ ባለ አንድ ባይት ዓይነት በሆነው በተራ "ቻር" ነው። ኢንቴል ላይ ቻር አሉታዊ ቁጥር ይይዛል፤ ሊኑክስ የጫነ የኤአርኤም ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ አይዝም። በእንግሊዝኛ ብትሞክሩት ምንም አይታይም፣ ባይቶቹ ሁሉ ከ128 በታች ናቸውና። አማርኛ ስታስገቡ ነው ጉዱ የሚወጣው። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። አንዱ ማሽን 225 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው −31 ብሎ። −31ዱ ወደ 32 ቢት ሲሰፋ የላይኞቹ ቢቶች በሙሉ 1 ይሆናሉ። ከዚያ የኢንቴል ላፕቶፑና ኤአርኤም ያለው ትንሹ ኮምፒውተር ራስቤሪ ፓዩ ለ"ሰላም" የተለያየ ቁጥር ይሰጧችኋል። ኤክስኤክስሃሽ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

"ሠላም" ብላችሁ ብትጽፉ ግን ለእሱም ሌላ ቃል ነው። ሰ እና ሠን፣ ሀ እና ሐን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው።

ባለ 32 ቢቱን የኤክስኤክስሃሽ ዓይነት ተዉት። 77 ሺህ ገደማ ቃላት ላይ ቢያንስ አንድ ግጭት (ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ቁጥር ማግኘት) የመፈጠር ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አማርኛ ደግሞ በእርባታው ብዛት ይህን ቁጥር ቶሎ ያልፈዋል። ባለ 64 ቢቱ ላይ ያው ዕድል የሚመጣው 5 ቢሊዮን አካባቢ ነው። እኔ የምጠቀመው አዲሱን የኤክስኤክስሃሽ ዓይነት ኤክስኤክስኤች3ን ነው፤ ውጤቱ ሳይቀየር የጸናው ከ2020ው ስሪት 0.8.0 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያስቀመጣችሁት ካለ እንደገና አስሉት።

ያልወደድኩለት ትልቅ ፋይል በቁራጭ በቁራጭ ሲነበብ ያለውን አሠራር ነው። ስቴቱ (ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ስሌቱ የሚቆይበት) አድራሻው ለ64 የሚካፈል ቦታ ይፈልጋል፣ ሲ ውስጥ ሜሞሪ የሚጠየቅበት ተራ ማሎክ ደግሞ ይህን አያረጋግጥም። ላይብረሪው ራሱ በሚሰጠው ፈንክሽን ፍጠሩት። ሄደሩ ላይ ተጽፏል፤ ግን ከዚያ ሁሉ መስመር መሃል ማን ያየዋል?

ለይለፍ ቃል እንዳታስቡት። ቁልፎቹ ከማታውቁት ሰው የሚመጡ ከሆነም ሆን ብሎ የሚጋጩትን እየላከ በሃሽ የሚሠራ ሰንጠረዣችሁን ሊያንቀው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ በ2012 የወጣው ሲፕሃሽ የተባለ ሌላ ሃሽ ይሻላል። የእኔ ፕሮግራም ከራሴ ዲስክ ሌላ የሚያነበው ስለሌለ አልቀየርኩትም።