«ኢታኖል አለበት» ተብሎ በጭማሪ የሚሸጥ ቤንዚን አትግዙ

የጎንደር ባለመኪኖችና ባለባጃጆች፣ ይህን አንብቡና ለጓደኞቻችሁም ንገሩ። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር በጀሪካን ቤንዚን የሚቸረችሩ ሰዎች አዲስ ወሬ ይዘዋል። «ይሄኛው ኢታኖል አለበት፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ኪሎ ሜትር ይጨምራል» ይላሉ። ለዚህም በሊትር ላይ ጭማሪ ይጠይቃሉ። እኔም ተጠይቄያለሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ኢታኖል አልኮል ነው። አገራችን ውስጥ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያመርቱታል። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በኋላ ወደ 10 አደገ። ዓላማው ከውጭ የሚገባውን ነዳጅ ለመቀነስ ነበር። አንድ ሊትር ኢታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ጋር ሲተያይ ጉልበቱ በሲሶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ 10 በመቶ ሲገባበት መኪና በሊትር የሚሄደው መንገድ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ40 ሊትር 560 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ቪትዝ ከ540 ብዙም አታልፍም ማለት ነው። ከዚህ በጣም ከቀነሰባችሁ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ወይ ላምባ ተቀላቅሎበታል፣ ወይ ልኩ ጎድሏል።

«ኦክቴኑ ከፍተኛ ነው» የሚለውስ? እውነት ነው። ግን ኦክቴን ሞተሩ እንዳያንኳኳ ነው የሚረዳው፤ ኪሎ ሜትር አይጨምርም። ጎንደር ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚፈልገው ኦክቴን ቆላ ከሚፈልገው ያነሰ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ኢታኖል ውሃ ይስባል። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የታሰረ ጀሪካን ክረምቱን ደጅ ሲከርም አስቡት። ውሃው ሲበዛ ኢታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ፣ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። የነዳጅ ፓምፑ የሚስበውም ከታች ነው።

የግድ ከመንገድ ዳር ከገዛችሁ፣ ሳትቀዱ በፊት ሞክሩት። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ግዙ። ቀጭን የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩና የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምሩበት፤ ክደኑት፣ ናጡት፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ከታች ያለው ውሃ ምልክቱ ላይ ከቀረ ኢታኖል የለበትም፤ በውሸት ነው ያስከፈሏችሁ። ወደ እጥፍ ከተጠጋ 10 በመቶ ያህል አለበት። ይህን ደጅ ላይ አድርጉት፤ እሳትም ሲጋራም አጠገባችሁ አይኑር።

ቀድታችሁ መኪናው መንተፋተፍ ከጀመረ ደጋግማችሁ አታስነሱት። አስጎትታችሁ ጋራዥ ውሰዱትና ታንከሩ ከታች ይፍሰስ፣ ፊልትሮውም ይቀየር።