ፋይቭ-አር አፈሙዝ ከ1,400 ጥይት በኋላ

በኤፍ-ክላስ የኢላማ ውድድር፣ በተለይም ጠመንጃው በሁለት እግር ማቆሚያ ተደግፎ በሚተኮስበት ኤፍ-ቲአር በሚባለው ምድብ የምንሳተፍ ሰዎች ስንገናኝ፣ ከነፋስ ቀጥሎ የምንከራከርበት ጉዳይ የአፈሙዝ ውስጠኛ ቅርጽ ነው። እኔም ባለአራት ሸንተረር የነበረው የቀድሞው .308 (የጥይቱ መጠን መለያ ነው) አፈሙዜ ጉሮሮው፣ ማለትም አረሩ ወደ ሸንተረሮቹ የሚገባበት መነሻው፣ በእሳት ተበልቶ ሲያልቅ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚሠራውን የባርትሊን ፋይቭ-አር የተባለ ባለአምስት ሸንተረር አፈሙዝ ገዝቼ በሁለት የውድድር ዘመን 1,400 ያህል ጥይት ተኩሼበታለሁ። በአፈሙዙ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄደውን፣ ላንድ የሚባለውን ጎልቶ የወጣ መስመር «ሸንተረር»፣ በሸንተረሮቹ መካከል ያለውን ግሩቭ የሚባለውን ጎድጓዳ ደግሞ «ቦይ» እያልኩ እጽፋለሁ።

የ.308 አፈሙዝ ስፋት ከሸንተረር እስከ ሸንተረር 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ከቦይ እስከ ቦይ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አረሩን ይዞ የሚያሽከረክረው ሸንተረር ከፍታው 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእኔ አፈሙዝ በየ10 ኢንቹ፣ ማለትም በየ25.4 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ስለሚያዞር፣ በሰከንድ 800 ሜትር የሚጓዝ አረር በሰከንድ ከ3,100 ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ ይወጣል። በዚህ ፍጥነት የሚዞር አረር የመዳብ ልባሱ በአንድ ወገን ብቻ በጥቂቱ ቢጎዳ ሚዛኑ ይዛባል፤ ስለ ሸንተረር ቅርጽ የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ፋይቭ-አርን ያወጣው አሜሪካዊው አፈሙዝ ሠሪ ቡትስ ኦበርማየር ሲሆን፣ መነሻው የሶቪየት አፈሙዞችን መመርመሩ ነበር፤ «አር» የምትለው ፊደልም ሩሲያን ታመለክታለች። ሸንተረሮቹ አምስት በመሆናቸው እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ሌላ ሸንተረር ሳይሆን ቦይ ነው፤ አረሩ እንደ ባለአራቱ ወይም እንደ ባለስድስቱ ከሁለት ወገን ትይዩ አይጨመቅም። የሸንተረሩ ጎን ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን ተዳፋት ስለሆነ፣ የባሩድ ጥላሸትና የመዳብ ፍቅፋቂ የሚሸሸግበት ሹል ጥግ የለውም።

ይህ ሁሉ በ600 ያርድ ላይ ምን ለወጠ? በኢላማው ላይ የ10 ነጥቡ ክብ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በውስጡ ያለው የኤክስ ክብ ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የቀድሞው አፈሙዝ ገና ሳያረጅ ያመጣልኝ ከነበረው ውጤት ጋር ሳስተያየው ልዩነት አላየሁም። ነፋሱን በትክክል ያነበብኩበት ቀን ጥይቶቹ ተሰብስበው ይወድቃሉ፤ ያላነበብኩበት ቀን ይበተናሉ። ለውጡን ያየሁት ቤት ገብቼ ስወለውል ነው። በቀድሞው አፈሙዝ የመዳብ ማስለቀቂያ ፈሳሽ የነካ ጨርቅ በዘንግ እየገፋሁ ሳወጣ ሰማያዊው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ አሥራ አምስት ጨርቅ ይፈጅብኝ ነበር፤ በዚህኛው ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ምስጋናው ግን ሙሉ በሙሉ የቅርጹ ነው ለማለት እቸገራለሁ። የቀድሞው አፈሙዝ ቦዩ በጠንካራ ብረት ተገፍቶ የወጣ ሲሆን፣ ይህኛው ግን በአንድ ስለት በየምልልሱ የኢንች አሥር ሺኛ ያህል እየተፋቀ፣ በኋላም ውስጡ እየታሸ የተሠራ ነው፤ ቅልጥፍናው ከዚያም ሊመጣ ይችላል።

ከቅርጹ ይልቅ ምን እንደሚበልጥ ያስተማረኝ አንድ የመጀመሪያ ወር ችግር ነው። አፈሙዙን ከጠመንጃው ጋር የገጠመልኝ ባለሙያ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ክራውን የሚባለውን የአፈሙዝ ከንፈር በቶርኖ ሲቆርጥ በጥቂቱ አዛብቶት ኖሯል። ከተኩስ በኋላ የባሩድ ጥላሸት በከንፈሩ ላይ ባለአምስት ጨረር ኮከብ ይሥላል። የእኔ ኮከብ በአንድ ወገን ሁለቱ ጨረሮቹ አጥረው በሌላው ረዝመው ነበር፤ ጋዙ አረሩን በአንድ ጎን ቀድሞ ይለቅቀው ነበር ማለት ነው። በ100 ያርድ እንኳ ጥይቶቹ አልሰበሰብ አሉኝ፤ እኔም የማማው የሩሲያውን ቅርጽ ነበር። ከንፈሩ እንደገና ሲቆረጥ ጨረሮቹ እኩል ሆኑ፤ ጥይቶቹም በአንድ ቀዳዳ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

«ለምን ጥግ የሌለውን ፖሊጎናሉን (በሸንተረርና በቦይ ፈንታ ውስጡ ባለብዙ ጎን የሆነውን) አልገዛህም?» ያሉኝ አሉ። ጥግን መሸሽ አዲስ ነገር አይደለም። በ1860 ዊምብልደን ላይ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ውድድር ሲከፈት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በማቆሚያ ላይ የታሰረ፣ የአፈሙዙ ውስጥ ባለስድስት ማዕዘን የሆነ የዊትዎርዝ ጠመንጃ ክር ስበው ተኩሰው፣ ጥይቱ በ400 ያርድ ከመሐል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ አረፈ (የማነጣጠሩን ድካም ግን ሌላ ሰው ጨርሶላቸው ነበር)። በ1888 የመጣው የሊ-ሜትፎርድ ጠመንጃ ክብ ጥግ ያላቸው ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ለጥቁር ባሩድ ጥሩ ነበሩ፤ ኮርዳይት የሚባለው ትኩስ ባሩድ ሲመጣ ግን ፈጥነው ስለተበሉ በ1895 በኤንፊልድ ቦይ ተተኩ። ኤንፊልድም ባለአምስት ቦይ ነበር! ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥሩ የሩሲያ ግኝት አይደለም፤ በፋይቭ-አር አዲሱ ነገር የጎኑ ተዳፋትነት ነው።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገርም አለው። ሸንተረር ከሸንተረር ፊት ለፊት ስለማይገናኝ፣ በጉሮሮው የገፋሁትን የእርሳስ ድብልብል በተራ ማይክሮሜትር ለክቶ ስፋቱን ማወቅ አስቸጋሪ ነው። አፈሙዙን በየጊዜው ራሱ መለካት የሚወድ ሰው ባለአራቱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ከውድድር በኋላ በመወልወል ሰዓቱን ማጥፋት ለማይፈልግ ፋይቭ-አር ይሻለዋል፤ ከዘጠኝ ወደ አሥር ነጥብ ያሸጋግረኛል ብሎ የሚገዛው ግን ገንዘቡን ለተጨማሪ ባሩድና አረር ቢያውለው ይመረጣል። እኔ ቀጣዩንም ፋይቭ-አር አዝዣለሁ፤ የሚገጥመውን ባለሙያ ግን ቀይሬያለሁ።