ነጥብ ቆጥሬ 7 ወር፣ ካሎሪ ቆጥሬ 9 ወር፦ ባህር ዳር እማዬ ቤት እየበላሁ

መጀመሪያ ቁጥሩን ልንገራችሁና እንገላገል። መስከረም 2017 ላይ 88 ኪሎ ነበርኩ። በነጥብ ፕሮግራሙ (ለየምግቡ ነጥብ የሚሰጥ የኪሎ መቀነሻ አፕ ነው) እስከ የካቲት 83 ገባሁ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ግን ተመልሼ 84.6 ሆኜ ተገኘሁ። ከዛ ነጥቡን ትቼ ካሎሪ መቁጠር ጀመርኩ፣ ዛሬ ታህሳስ 2018 ላይ 76.1 ነኝ። ቁመቴ 1.62፣ እድሜ 34፣ ስራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ጂም አልገባም። የምኖረው ከእማዬ ጋር ነው፣ ይሄ ወሬው ውስጥ ትልቁ ነገር ስለሆነ ያዙልኝ።

የነጥብ አፑን የሰጠችኝ አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት፣ ክፍያው በየወሩ በዶላር ስለሆነ እሷው ነበረች የምትከፍለው። አሰራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ የምግቡ ካሎሪ፣ ስኳርና ሳቹሬትድ ፋት (ቅቤና ጮማ ላይ የሚበዛው ስብ) ነጥቡን ከፍ ያደርጉታል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፣ ለናንተ ሚታያችሁ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ለኔ በቀን 23 ነጥብ ተሰጠኝ። ከዛ ደግሞ ዜሮ ነጥብ ሚባሉ አሉ፦ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ የዶሮ ደረት፣ አሳ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። እነዚህን ብትበሉ አትመዘግቡም።

አልዋሽም መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ለስላሳና ብስኩት ነጥባቸው ስለሚያስደነግጥ በሁለት ሳምንት ተውኳቸው፣ ቢሮ ስመጣ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ እይዛለሁ፣ እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር አሳ እንበላለን (ጥብሱ ዘይት ውስጥ ዋኝቶ እንደሚወጣ እያወቅኩ አሳ ዜሮ ነው ብዬ ዝም፣ ያው ጥፋቱ የኔም ነው)። 5 ኪሎ የወረደው በዚህ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ሁዳዴ ሲገባ ነው። 55 ቀን እንቁላል የለ፣ ዶሮ የለ፣ እርጎ የለ፣ በኛ ቤት ደግሞ በሁዳዴ አሳም አይበላም፣ ሌላው እንደፈለገ ይከራከር እማዬ ጋ አይሰራም። ታዲያ ምን ቀረ? ሽሮ፣ ምስር፣ ሙዝ፣ በኋላ ደግሞ ማንጎው መውጣት ሲጀምር ማንጎ። ሁሉም ዜሮ! እንጀራዋን ብቻ እመዘግብና በቀን 12 ነጥብ ተጠቅሜ አድራለሁ፣ አፑ በርቺ ጎበዝ እያለ ኮንፌቲ ይበትንልኛል፣ እኔ ግን ቀሚሴ ዚፑ አልዘጋ እያለ ነው። መጀመሪያ ውሃ ይሆናል አልኩ፣ ከዛ ሆርሞን ይሆናል አልኩ፣ አንድ የቢሮ ጓደኛዬ ደግሞ ታይሮይድ ተመርመሪ አለችኝ። ታይሮይድ አይደለም፣ ዘይት ነው።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ። ከፋሲካ በኋላ ትንሽ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ገዛሁና (ማቲማቲካ እንደምጠላ ይታወቅልኝ) እማዬ ሽሮ ስትሰራ ዘይት ያለበትን ሃይላንድ ከመጀመሯ በፊት መዘንኩት፣ ስትጨርስ ደግሞ መልሼ መዘንኩት። ልዩነቱ 92 ግራም። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፣ ስለዚህ 828 ካሎሪ። የሽሮ ዱቄቱ ራሱ 150 ግራም ነበር፣ እሱ 550 አካባቢ ነው። ማለትም ዜሮ እያልኩ ስበላ የከረምኩት ድስት ውስጥ በካሎሪ ዘይቱ ከሽሮው ይበልጥ ነበር፣ ለሶስት ብናካፍለው ለአንድ ሰው ከዘይቱ ብቻ 276። ላይ ላይ የተንሳፈፈውን እያየሁ "ወጧ እንዴት አማረች" ነበር የምለው። አፑ ዘይቱን መዝግቢ ይላል፣ ግን ሽምብራው ዜሮ ነው ከተባልኩ በኋላ ማን ተመልሶ ዘይት ይለካል? አሜሪካ ሚኖር ሰው ሽምብራውን ቀቅሎ ሰላጣ ላይ ይበትነው ይሆናል፣ ለሱ ይሰራል። ሙዙም ያው ነው፣ መካከለኛ ሙዝ 105 ካሎሪ ገደማ ነው፣ እኔ በቀን 4 እገምጥ ነበር።

ካሎሪ ሚቆጥረው አፕ ነፃ ነው፣ ክፍያ ያለው ክፍል አለው አልገዛሁትም። እድሜ፣ ቁመት፣ ኪሎ አስገባሁ፣ ኪሎሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ለመቆየት 2,100 ይበቃሻል አለኝ፣ ለመቀነስ 500 አንስቶ 1,600 ሰጠኝ። እሺ። ከዛ "እንጀራ" ብዬ ስፈልግ ጉድ ፈላ። ሰዉ እንደፈለገው ያስገባው ስለሆነ አንዱ ጋ 1 እንጀራ 120፣ ሌላው ጋ 380። የማን ምጣድ? ስንት ሳንቲሜትር? ባርኮድ ስካኑም ለኛ እቃ ብዙም አይሰራም፣ ከውጪ ለመጣ ቸኮሌት ይሰራል፣ እሱን ደግሞ ላለመብላት ነው አፑን ያወረድኩት።

ስለዚህ ከሊጥ ጀመርኩ። እማዬ ስታቦካ ዱቄቱን መዘንኩት፣ 3 ኪሎ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ በጠቅላላ 11,000። በሶስተኛው ቀን ስትጋግር ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ 22 እንጀራ ወጣ። አንዱ 500 ካሎሪ! አንድ እንጀራ አጥፌ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥ 330 ግራም ይላል፣ እማዬ ደግሞ አክምባሎውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። "እንጀራ እንደ ቡና ይመዘናል እንዴ ልጄ? ነውር አይደለም?" አለችኝ። ለኔ ምላሽ ሳትጠብቅ "እናቴ ይቺን ሳታይ መሞቷ" ብላ ጭሱ ውስጥ ገባች።

ባህር ዳር ያላችሁ ደግሞ የፎገራ ሩዝ እቀላቅላለሁ የኔስ ይለያል ወይ እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እኛም ጤፍ ሲወደድ እንቀላቅላለን። በካሎሪ አይለይም፣ የነጭ ሩዝ ዱቄትም 100 ግራሙ 366 ነው። እንጀራው ይነጣል እንጂ አይቀንስም። ፋይበሩና አይረኑ ላይ ጤፍ ይሻላል፣ ቶሎም አያስርብም፣ ካሎሪው ግን ያው ነው።

ከዛ በኋላ ቀላል ሆነ። የኛን ቤት 10 ምግብ ራሴ አስገብቼ ሴቭ አደረግኩ፣ አሁን ለመመዝገብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። በአንድ ሙሉ እንጀራ ፈንታ ሩብ ጎደል እበላለሁ፣ ዘይቱን ከእማዬ ጋር ተደራድረን ከ92 ወደ 45 ግራም አወረድነው (ሁለት ሳምንት አኮረፈች፣ ወጥሽ ሳይቁላላ የቀረ ነው የሚመስለው አለች፣ እውነቷን ነው መጀመሪያ ላይ ጣዕሙ ይቀንሳል፣ ሽንኩርቱን በውሃ ጠብ እያደረጉ ቀስ ብሎ ማብሰል ሲለመድ ግን ይስተካከላል)። ቡና ላይ ስኳር በሲኒ ሁለት ማንኪያ፣ አቦል ቶና በረካ ሲደመር 100 ካሎሪ ይጠጋል፣ በቀን ሁለቴ ከተፈላ 200። ስኳሩን አንድ አደረግኩት፣ ዜሮ ማድረግ ግን አልቻልኩም፣ አልሞክርምም።

አሁን ደግሞ ማይመቸው። ጉርሻ። ይሄ ነገር ከምር መፍትሄ የለውም። ጎረቤት ለዝክር ተጠርቼ ሄጄ ስንት ጉርሻ እንደጎረስኩ ምን ብዬ ልመዝግብ? "በሞቴ" ስትል አንዷ፣ ሌላዋ ደግሞ "የሷን ጎርሰሽ የኔን?" አፕ የለ ሚዛን የለ፣ ትጎርሻለሽ። አሁን እንደዚህ አይነት ቀን 800 ብዬ በጅምላ እጽፍና እረሳዋለሁ። ቤትም በትሪ አብረን ስንበላ የራሴን ድርሻ ለይቼ ስመዝን እማዬን ቅር ስላላት ስምምነታችን እንጀራዬን መዝኜ ትሪው ላይ በኔ በኩል አነጥፋለሁ፣ ወጡን በጭልፋ እገምታለሁ። ስህተት አለው፣ ይኑረው። ውጪ ሲበላም ያው ግምት ነው፣ ለአንድ ሙሉ የቆሮሶ አሳ ጥብስ 600 እጽፋለሁ፣ ዳቦው ለብቻው።

ሁለተኛው ችግር ጭንቅላት ነው። ሰኔ ላይ አንድ ማታ 40 ካሎሪ አለፈብኝ ብዬ ስበሳጭ ራሴን ያዝኩት፣ 40 ካሎሪ እኮ ሁለት ማንኪያ ተኩል ስኳር ነው። ነጥብ ላይ እንዲህ አያደርገኝም ነበር፣ ሳምንታዊ ትርፍ ነጥብ ስላለው ይቅር ባይ ነው፣ ይሄን አልክደውም። ከዛ ወዲህ የቀኑን ትቼ የሳምንቱን ድምር ነው ማየው። ቁጥር የሚያስጨንቀው ሰው፣ ወይ ከምግብ ጋር ከዚህ በፊት የተጣላ ሰው ግን ባይጀምረው ይሻላል እላለሁ።

ኪሎዬ ሲወርድ አፑ በጀቴን ወደ 1,480 ዝቅ አድርጎት ነበር፣ እምቢ ብዬ 1,600 ላይ መለስኩት። በ1,480 እማዬ ቤት መኖር አይቻልም። ለዛ ነው መጨረሻ ላይ ቀስ ያለው፣ ህዳር ሙሉ 600 ግራም ብቻ ነው የወረድኩት።

እርምጃዬ ደግሞ አዲሱ የአባይ ድልድይ ነው፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀው። 380 ሜትር ስለሆነ ሶስት ጊዜ ደርሶ መልስ ብዬ ወደ ቤት ስገባ አንድ ሰዓት ይሞላል፣ ማታ ሲሆን ነፋሱ ደስ ይላል። ለዛች አንድ ሰዓት አፑ 270 ምናምን ካሎሪ ይመልስልኛል። ግማሽ እንጀራ ናት! አልበላትም፣ ሴቲንግ ገብቼ አጠፋሁት።

እህቴ ባለፈው ሳምንት የነጥቡ አባልነት ሊታደስ ነው ምን ላድርግ ብላ ደወለች፣ ተይው አልኳት። እሷ ራሷ ግን እዛ በሱ 11 ኪሎ ወርዳለች፣ ምትበላው ሌላ ስለሆነ ይሰራላታል፣ እኔ ምን አገባኝ።

ሚዛኑ ባትሪው በ9 ወር አንዴ ብቻ ነው ያለቀው፣ ላዩ ላይ በርበሬ ገብቶ ቁልፉ ትንሽ ይይዛል እንጂ ደህና ነው። አሁን ሚመዝንበት ሰው በዝቷል። ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ለገና ብላ ከገበያ አንድ ኪሎ ቅቤ ገዝታ ገባች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሚዛኑን አምጪው አለችኝ። ቅቤውን ከነኮባው አስቀመጠችው። 920። መነፅር ስለሌላት ስንት ይላል አለችኝ፣ ነገርኳት። ቅቤውን መልሳ ጠቀለለችና ሚዛኑንም አብራ ዘንቢሏ ውስጥ ከታ ወጣች።