ጎንደር ላይ ለመኪናችሁ ፍሬን የሚታመን ሰው ለምትፈልጉ

ከሁሉ በፊት ፍሬኔን የሠሩልኝን መካኒክ፣ ጋሼን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ያብዛላቸው፣ እጃቸው ይባረክ። ጽሁፉ ረዘም ይላል፤ ቸኩላችሁ ከሆነ አድራሻው መጨረሻ ላይ አለ። ጊዜ ያላችሁ ግን አንብቡልኝ፤ ብዙ ተቃጥያለሁና ልተንፍስ።

እንደ ብዙዎቻችሁ የምነዳው ቪትዝ ነው። አርጅቷል፣ ግን አስነስቼው እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ከተማችንን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ከጎሃ ስትወርዱ ቁልቁለት፣ ከቁስቋም ስትወርዱ ቁልቁለት፣ በደባርቅ በኩል ስትመጡ ከኮሶዬ ወዲህ ቁልቁለት። እዚህ አገር ሞተር እምቢ ቢል ሰው ይገፋልሃል። ፍሬን እምቢ ቢል ማን ይይዝልሃል?

ነገሩ የጀመረው በመንቀጥቀጥ ነው። ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይርገፈገፋል። ፔዳሉ ደግሞ እግሬን ከስር እየመታ ይመልሰዋል። ፒያሳ ላይ በዝግታ ስነዳ ብዙም አይታወቅም። ቁልቁለት ላይ ግን ጉድ ነው።

እናቴ በየወሩ በ6 ቁስቋም ትሳለማለች። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ገና ቁልቁለቱን ሳንጋምሰው «ልጄ፣ እኔን አውርጂኝ። እመቤቴ በእግሬ ታድርሰኝ» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር። ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዳር ዳሩን ይዛ ቁልቁል መራመድ ጀመረች። እኔ ከኋላዋ በመኪና እያዘገምኩ ተከተልኳት። ያየን ሰው ምን እንዳለ እሱ ይወቅ።

ከዚያ የጋራዥ ኑሮ ተጀመረ።

አንዱ ጋ «ጎማ ባላንስ ነው» ተባልኩ። ከፈልኩ። ለውጥ የለም። ሌላው ጋ «የፍሬን ሸራው አልቋል» ተባልኩ። አዲስ ሸራ ታሰረልኝ፣ ከፈልኩ። ትንሽ ቀን ደህና ሆነና መንቀጥቀጡ ተመለሰ፣ ጭራሽ ማፏጨትም ተጨመረበት። ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው ጨብጦ የሚያቆመው ክብ ብረት ዲስክ ይባላል። የተበላሸ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ማሰር ብር መበተን እንደሆነ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም።

የባሰው ደግሞ ገና ነበር። «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ይላጥ» አሉኝ። ይላጥ። ሲላጥ ግን ማንም መለኪያ ሲያወጣ አላየሁም። ፍሬኑን የሚጨብጠው ብረት ከዲስኩ ላይ ተፈትቶ በጎማው ቱቦ ብቻ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ አሁን ሳስበው ያንገፈግፈኛል። ዲስኩ ተልጦ ሲመጣ «ስንት ቀረው?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን ስሙልኝ፦ «እህቴ፣ ባለቤትሽ ይምጣና እናስረዳዋለን።» ባለቤቴ እኮ መንጃ ፈቃድ የለውም! ስለ መኪና የሚያውቀው የኋላ ወንበር ላይ መተኛት ነው። የምነዳው እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ የሚብራራለት እሱ።

ስም አልጠራም። ሁሉም እንጀራው ነው። ግን ያቃጥላል።

ከዳባት ደርሼ ስመለስ መንቀጥቀጡ ከድሮው ብሶ መጣ። ፔዳሉም ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ መለስለስ ጀመረ። ያን ቀን እንዴት ቤቴ እንደገባሁ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ጋሼን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «ምልክት የላቸውም፣ ግቢያቸውም አያምርም፣ ግን ሂጂ» አለችኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለነገሩኝ አልጽፍም። «ሰው ከበዛ ሥራ ይበላሻል» ነው የሚሉት። ደንበኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

የሄድኩት እናቴን ይዤ ነበር። በማግስቱ ዳባት የአጎቴ ተዝካር ስለነበር ፍሬኑን አሳይቼ በዚያው ልንሄድ ነው። ጋሼ ወደ መኪናው አልመጡም። መጀመሪያ ወደ እናቴ ነው የሄዱት። «እመዬ፣ እንደምን ዋሉ? ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጥዎታል?» ብለው በሩን ከፈቱላት። ልጁን ጠርተው ዱካ አስመጡ፣ ጥላ ስር አስቀመጧት። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞረው «እሺ ልጄ፣ ምን ይልሻል?» ያሉኝ።

ምን ይልሻል! «ምን ይላል» አላሉም። እኔ ምን እንደሚሰማኝ ነው የጠየቁኝ። መሪው፣ ፔዳሉ፣ ማፏጨቱ፣ መለስለሱ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

ክሪክ ገባ፣ ጎማው ወረደ። ጋሼ ዲስኩን አዩና «ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አለሽ?» አሉኝ። እኔ የልጁን ሻይ ልከፍል መስሎኝ የአሥር ብር ኖት አወጣሁ። «ኖት አይደለም፣ ሳንቲም» አሉ። ከቦርሳዬ ስር ፈልጌ ሰጠኋቸው።

ሳንቲሞቹን ደርበው በመለኪያቸው ለኩና ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጻፉ። ከዚያ አንዱን ሳንቲም በዲስኩ ፊት፣ አንዱን በጀርባው አድርገው፣ ከነሳንቲሙ ለኩት። «ቀንሺው» አሉኝ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅሁ። ጣቴን ይዘው ዲስኩ ዳር ላይ አስኬዱት። ከፍ ያለ ጠርዝ አለ። ሸራው እዚያ ስለማይደርስ እሱ አያልቅም። መለኪያው ጠርዙ ላይ ካረፈ ያለቀውን ዲስክ ወፍራም ነው ብሎ ይዋሻል። ሳንቲሞቹ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገብተው ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋሉ።

ቀጥለው በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ፋቁ፣ በስልካቸው አበሩና «አሁን ይሄን አንብቢው» አሉ። ዲስኩ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ከዚህ ከሳሳ አትጠቀሙበት የሚል ቁጥር ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ነው የሚጽፈው። ለካ በአብዛኛው የቤት መኪና አዲስ ዲስክ ከዚህ ቁጥር የሚበልጠው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው! የእኔ ካርቶኑ ላይ ቀንሼ ያገኘሁት ከተቀረጸው በታች ነው። ያነበብኩት እኔ፣ የቀነስኩት እኔ። ባል አልተጠራም።

«ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው» አሉኝ። «ሙቀቱን የሚሸከመው ብረቱ ነው። ብረቱ ከሳሳ ሙቀቱ የት ይግባ?» የመለስለሱ ነገር እዚህ ጋ ገባኝ። ስለ ፍሬን ዘይት መፍላትም ብዙ ነገሩኝ፣ ግማሹን አልያዝኩትም። ዘይቱ ከአየር ውሃ እንደሚስብና ብዙ አምራቾች በ2 ዓመት ገደማ ይቀየር እንደሚሉ ግን ይዣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «እናትሽን በዚህ መኪና ዳባት አታደርሻትም» አሉኝ። ተዝካሩን ነገርኳቸው። ዲስክ ፈልጎ አስሮ ማድረስ በዚያ ቀን አይቻልም። ሌላ ቦታ ቢሆን «ቀስ ብለሽ ንጂ» ብለው ይሸኙኝ ነበር፤ ተብዬም አውቃለሁ። ጋሼ ስልካቸውን አወጡና ወደ ዳባት የሚጭን ሚኒባስ ሹፌር ጋ ደወሉ። «እናቴ ናቸው። ጋቢና አስቀምጥልኝ። ሌላ ሰው እንዳትደርብባቸው» አሉት። ከዚያ ባጃጅ አስቁመው እናቴን ራሳቸው ደግፈው አሳፈሯት፣ መናኸሪያ ድረስ የሚያደርሳት ልጅ አብሮ ገባ።

እናቴ ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴን እንዲህ ብሎ ለሰው አደራ የሰጠ ወንድ አላየሁም። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፣ እኔም ሁሉን ለብቻዬ መሸከም ለምጄዋለሁ። እንባዬ መጣና መኪናው ውስጥ የሆነ ነገር የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ጋሼ አይተው እንዳላየ ሆኑ። እሱም ደግነት ነው።

ዲስኩን በማግስቱ አብረን ነው የገዛነው። ሊብሬዬን ተቀብለው የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ነው የሄዱት፤ ቪትዝ ሁሉ አንድ ዓይነት ዲስክ አያስርም ብለው። ሱቁ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ መስመር የተፈለፈለበት፣ የሚያብለጨልጭ ዲስክ ነበር። ቆንጆ ነው! እኔ እሱን ነበር ያየሁት። «ይሄ ለሚሽቀዳደም ነው። አንቺ ቁስቋምና ገበያ ነሽ» ብለው አስመለሱኝ። ልሙጡን መረጡ፤ ግን በሁለቱ ፊቶች መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ያለውን፣ እንደ ድሮው። ቁጥር ያልተቀረጸበትን ርካሽ ዲስክ በእጃቸውም አልነኩት። ሻጩ «አንዱን ብቻ ይለውጡ፣ ሌላው ይቆያል» ሲላቸው ሳቁበት። አንዱ ጎን አዲስ፣ አንዱ ጎን ያለቀ ሲሆን መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ስለዚህ የፊት ሁለቱም፣ ከነአዲስ ሸራቸው። አሮጌው ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ቅርጽ ይዟል፣ አዲሱን ያበላሸዋል። ዋጋውን አልጽፍም፤ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ሌላ ነው።

ሲያስሩ ቆሜ አየሁ። መቆም አይከለክሉም፤ «እዪ እንጂ፣ የአንቺ ነው» ነው የሚሉት። ያ ሌላ ቦታ በቱቦው ተንጠልጥሎ ያየሁትን ብረት ጋሼ በሽቦ ከላይ አሰሩት፣ ቱቦው ክብደት እንዳይሸከም። አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ የሚቀባውን ዘይት በደንብ አጠቡት። የሚቀመጥበትንም ቦታ ዝገቱ እስኪለቅ ፈተጉት። እዚያ ዝገት ከቀረ ዲስኩ ዘንበል ብሎ ይዞርና እያደር እኩል አያልቅም፤ ሰው ተጣመመ የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው አሉኝ። በመጨረሻ አራቱን የጎማ ቡሎን በመስቀል እያፈራረቁ አጠበቁ። ከዚያ በፊት መኪናው ውስጥ ገብተው ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ፣ እስኪጠነክር። ይሄን ሳያደርጉ መኪና ማስነሳት አይታሰብም አሉ።

አብረን ወጣን። እኔ ነዳሁ፣ እሳቸው ጎን ተቀመጡ። ፍሬን ያዝኩ። ዝም! መሪው ዝም፣ ፔዳሉ ዝም። እኔ ግን ዝም አላልኩም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ገና ነው» አሉ። አዲስ ዲስክና ሸራ እስኪላመዱ የመጀመሪያዎቹን 200፣ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን አትያዢ፣ ረጋ ብለሽ ያዢ፣ ረጋ ብለሽ ልቀቂ። ቀጥለውም ስለ ሊማሊሞ አነሱ። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፣ ኋላም ሹፌር። ያን ጣልያን የቆረጠውን ጠመዝማዛ በጭነት ወርደውታል። «ሊማሊሞን በፍሬን የሚወርድ የለም፣ በማርሽ ነው» አሉኝ። የእኔ አውቶማቲክ ነው ስላቸው ማርሹን ከዲ ወደ ሁለት አስወረዱኝና ሞተሩ ሲይዘው አሳዩኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ያቺ ሁለት ቁጥር ለጌጥ ትመስለኝ ነበር።

እና ወገኖቼ፣ እባካችሁ ሂዱ። ፍሬናችሁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያፏጭ፣ ቢለሰልስ፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። በተለይ ሴቶች ሂዱ። ሰው ሆናችሁ ትስተናገዳላችሁ። ለመጀመሪያው ምርመራ እኔን ሳንቲም አላስከፈሉኝም፤ ሁለቱን ብሮቼንም መልሰውልኛል።

ግቢው ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ነው፤ ትክክለኛውን ቦታና ስልክ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልካለሁ። ሊብሬ ያዙ። ዲስክም ሆነ ሸራ ቀድማችሁ ገዝታችሁ እንዳትሄዱ፣ ሳይለኩ የተገዛ ዕቃ አያስሩም። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ አለ። እሁድና በበዓል ቀን ዝግ ነው፣ ለማንም አይከፍቱም። እኔ እንደላክኋችሁ ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቅናሽ ግን አያደርጉም፣ እኔም ለምኜ አላገኘሁም።